እንሰት የውሸት ሙዝ አይደለም፦ ለእንግሊዝኛ ትምህርት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፣ ፈተና አውጪዎችና የመምህራን አሠልጣኞች፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ያነሳችው ጥያቄ ነው።

ስለ አገራችን ምግቦች የሚያወራ አጭር ምንባብ እያነበብን ነበር። እንሰት ላይ ስንደርስ ጽሑፉ «ፎልስ ባናና» ይለዋል። ልጅቷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ፎልስ ማለት የውሸት አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንሰት ለምን የውሸት ሙዝ ይባላል? እኛ ጓሮ እኮ ሙዝ የለም። ያለው እንሰት ብቻ ነው።»

ቶሎ መልስ አልመጣልኝም። ስሙን ያወጣለት ሰው ሙዝ ያውቃል፣ እንሰት አያውቅም። አዲሱን ነገር በሚያውቀው ነገር ጠራው። ማንም ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ አልፈርድበትም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይቺ ልጅ እንሰት ሥር ነው ያደገችው። ዋሳ ማለትም ቆጮ በልታ ነው ያደገችው። እንግሊዝኛ ክፍል ስትገባ ግን የገዛ ጓሮዋን በእንግዳ ዓይን እንድታየው ይጠበቅባታል። 20 ሚሊዮን ገደማ የአገራችን ሰው የሚመገበውን ተክል የሌላ ተክል ማስመሰያ አድርጋ እንድትጠራው እያስተማርናት ነው።

«እንሰት በዪው» አልኳት። «በእንግሊዝኛም ይባላል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ራሳቸው በሳይንሳዊ ስሙ ኤንሴቴ ነው የሚሉት። ቃሉን የወሰዱት ከዚሁ ከእኛ አገር ነው።» ፊቷ በራ። ጤፍና እንጀራም በትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እንዳሉ ነገርኳቸው። ሳፋሪ ከስዋሂሊ፣ ሻምፑ ከሕንድ እንደገባም ጨመርኩላቸው። ያን ቀን ክፍለ ጊዜው ሳናውቀው አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር በውስጤ ይመላለሳል። እንግሊዝኛ የዓለም ቋንቋ ነው እንላለን። በየመጽሐፉ መግቢያ፣ በየሥልጠናው፣ በየስብሰባው ይባላል። ስናስተምረው ግን ወይ የሌላ ሰው ቤት እናደርገዋለን፣ ወይ ደግሞ ማንም የማይኖርበት ባዶ ቤት። ሰዋስውና ቃላት ብቻ ይቀራሉ። ልጁ ከየት እንደመጣ፣ ነገ ከማን ጋር እንደሚያወራ፣ የዚያ ሰው ወግና ልማድ ምን እንደሚመስል ቦታ የለውም። እንደ ዓለም ቋንቋ እናስተምረው ነው የምለው።

በነገራችን ላይ፣ ለእኛ እንግሊዝኛ የእንግሊዞች ብቻ ሆኖ አያውቅም። አባቴ ይርጋለም ሲማር ፊዚክስ ያስተማሩት ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። እንግሊዝኛ ያስተማረው ደግሞ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ የሆነ አሜሪካዊ ወጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች በ1962 እ.ኤ.አ. ከ270 በላይ ሆነው አገራችን ገቡ። ሕንዳውያን መምህራንም በዚያ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። አባቴ እስከ ዛሬ አንዳንድ ቃል ሲናገር የሕንዱ መምህሩ ድምፅ ይሰማበታል። በዚያ እንግሊዝኛ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል።

እኔ ደግሞ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ስገባ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ትምህርቱ ተቀርፆ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። አቅራቢዋ ፈገግ ብላ ጥያቄ ትጠይቃለች። በቡድን ተወያዩ ትላለች። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ይቆጥራል። እኛ ገና ደብተር እየገለጥን ሳለ «ዌል ደን!» ትላለች። ምን ሠርተን እንዳመሰገነችን አናውቅም። አጠገባችን የቆመው መምህራችን ደግሞ ቋንቋችንን ያውቃል፣ ሠፈራችንን ያውቃል፣ ዝም ብሎ ግን ከእኛ ጋር ስክሪኑን ያያል። አነጋገሯ አልከበደንም፤ የደቡብ አፍሪካ ድምፅ መስማታችንም ጥቅም ነበረው። የጎደለው እኛን የሚያውቅ ሰው ነው። የምታወራው ከእኛ ጋር አልነበረም።

ዛሬ ተማሪዎቼ እንግሊዝኛ የሚናገሩት ከማን ጋር ነው? እዚሁ ከተማችን ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይና የመጡ ኃላፊዎች አብረው መጡ። ከእነሱ ጋር መግባቢያው እንግሊዝኛ ነው። አረብ አገር የሄዱት እህቶቻችን ደግሞ ከአሠሪያቸው ጋር በአረብኛ፣ አብራቸው ከምትሠራው ፊሊፒናዊት ጋር በእንግሊዝኛ ይግባባሉ። ከናይሮቢ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴም እንደዚያው። ከእነዚህ ሰዎች መሀል አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ አንድም የለም። በዓለም ደረጃም ቋንቋውን በሁለተኛነት የሚናገረው ሕዝብ አፉን ከፈታበት ሕዝብ ይበልጣል። ካሽሚር የተወለደው የቋንቋ ሊቅ ብራጅ ካችሩ ከ40 ዓመት በፊት ይህንኑ ነበር የሚለው። እንግሊዝኛ አንድ አይደለም፣ ብዙ ነው፤ ሕንዱም ናይጄሪያዊውም የራሱ አድርጎታል ይል ነበር።

አውሮፕላን አብራሪዎችን እንኳ እዩ። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ1 እስከ 6 ባለው መመዘኛ ቢያንስ ደረጃ 4 እንግሊዝኛ ይጠይቃቸዋል። ደረጃ 4 ላይ የአፍ መፍቻ ቋንቋህ በአነጋገርህ ቢሰማ ችግር የለም፤ መግባባትን አዘውትሮ እስካላወከ ድረስ። የሰው ሕይወት የተያዘበት ሥራ «እንደ እንግሊዝ ተናገር» አይልም። «ተግባባ» ነው የሚለው። እኛ ክፍል ውስጥ ግን ልጁ ድምፁ አገሩን ስለመሰለ ይሳቅበታል። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አፉን አይከፍትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባህል ስል ጭፈራና የባህል ልብስ ማለቴ አይደለም። ሰው እንዴት ይለምናል፣ እንዴት እሺ ይላል፣ እንዴት ዝም ይላል፣ ስለ ራሱ ምን ያህል ያወራል፤ ይሄን ነው የምለው። ልጆቻችን የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። እኛ ደግሞ የማናስተምረው ይሄንኑ ነው።

«ውኃ ይስጡኝ» በሉ። በአማርኛ አክብሮቱ ያለው ግሡ ውስጥ ነው። «ስጠኝ» እና «ይስጡኝ» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ተማሪዬ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ጊቭ ሚ ዋተር» ይሆናል። ልጁ በልቡ አንቱ ብሏል። እንግሊዝኛ ግን አንቱ የለውም፤ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው ሌላ ቦታ ነው፣ «ኩድ ዩ» እና «ሜይ አይ» ላይ። ይህን ማንም አልነገረውም። «ኩድ» የ«ካን» ኃላፊ ጊዜ ነው ተብሎ ብቻ ነው የተማረው። እና ከሰው ፊት ሲቆም ባለጌ ይመስላል። ጨዋ ሆኖ አድጎ በቋንቋ ምክንያት ባለጌ መምሰል በጣም ያማል።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ አንድ የልብስ ፋብሪካ ገብታ ነበር። የውጭ አገር አለቃዋ ሥራ ያሳያታል፣ «ገባሽ?» ይላታል። እሷ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ» ትላለች። እኛ ይሄ አዎ እንደሆነ እናውቃለን። እሱ የደነገጠች ይመስለዋል። ደግሞ ያስረዳታል። ደግማ «እ» ትላለች። እሱ ደግሞ በአገሩ ልማድ ራሱን ወዲህና ወዲያ ሲወዘውዝ እሺ ማለቱ ነው፤ እሷ እንቢ ያላት ይመስላታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆኑ። የሁለቱም እንግሊዝኛ ለሥራው በቂ ነበር። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ፣ «ሰዎች በተለያየ አገር አዎ የሚሉት እንዴት ነው» የሚል አንድ ትምህርት ቢኖር ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት ያድናት ነበር።

ሌላው ልጅ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በስልክ ተጠራ። «ኤይት ኦክሎክ» ተባለ። በትክክል ሰማ፣ በትክክል ጻፈ። በእኛ 8 ሰዓት ላይ ጫማውን አስጠርጎ ደረሰ። ቃለ መጠይቁ የነበረው በእኛ 2 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት አረፈደ፤ ሥራውም አመለጠው። መጽሐፋችን ላይ ሰዓት መናገር አለ። ኳርተር ፓስት፣ ሃፍ ፓስት፣ ሁሉም አለ። የእኛ ቀን ከንጋት እንደሚቆጠርና የእነሱ ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምር፣ ስዋሂሊ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችንም እንደኛ እንደሚቆጥሩ ግን አብሮ አልተጻፈም። ልጁ ይህን ያውቃል ብለን እናልፈዋለን። የሚያውቀውም እንኳ ሲጨንቀው ይጠፋዋል።

ስለ ቃለ መጠይቅ ካነሳሁ አይቀር፣ «ስለ ጠንካራ ጎንህ ንገረን» የሚለውን ጥያቄ ልጆቻችን ይፈሩታል። ራሱን የሚያወድስ ሰው ነውረኛ ነው ተብለው ነው ያደጉት። ታላቅ ሰው ሲያናግራቸው ዓይናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጠያቂው ደግሞ አንድ ነገር የደበቁ ይመስለዋል። ልጆቹ ጨዋነታቸውን ይጣሉ አልልም። እኔም አልጣልኩትም። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚያነበው ይወቁ፣ ከዚያ ራሳቸው ይምረጡ። «እንዲህ ሠርቻለሁ» ብሎ የሠሩትን መናገር ጉራ እንዳልሆነ ክፍል ውስጥ ተለማምደውት ቢሄዱ ምን ነበር?

በቅርብ ዓመታት መጻሕፍቱ ውስጥ የአገራችን ነገር እንደበዛ አውቃለሁ። ተሻሽሏል፣ አመሰግናለሁ። የድሮው ምንባብ በረዶና ባቡር ጣቢያ ነበር። ቢሆንም ልጁ የሚያነበው የአገሩ ነገር ብዙ ጊዜ ለቱሪስት የተጻፈ ዓይነት ነው። ስለ ቡና ማፍላት ይጻፋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ከሥሩ አምስት ጥያቄ ይከተላል፦ «ኢትዮጵያውያን ቡና ስንት ጊዜ ይጠጣሉ?» ጠዋት ቡና አፍልታ የመጣች ልጅ ይህን ስትመልስ ምን ትማራለች? የገዛ ቤቷን ከሌላ ሰው አፍ እየሰማች ነው። ተራኪዋ እሷ መሆን ነበረባት።

ባለፈው ዓመት እኔ እንዲህ ሞከርኩ። «ናይሮቢ ወይም ኮሎምቦ ላለ፣ ስለ እናንተ ምንም ለማያውቅ እኩያችሁ ከቤታችሁ አንድ ነገር አስረዱት» አልኳቸው። ክፍሉ ውስጥ ሲዳማ አለ፣ ወላይታ አለ፣ አማራ አለ፣ ጉራጌ አለ። አንዱ ልጅ ስለ ፊቼ ጨምበላላ ጻፈ፣ በ2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስለመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ። ከእርጥብ እንጨት በተሠራው ሁሉቃ በሚባለው መተላለፊያ ቤተሰቡ ተራ በተራ እንዴት እንደሚያልፍ፣ በነጋታው ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ቡሪሳሜ የሚባለውን የበዓል ምግብ እንደሚበሉ ጻፈ። ከዚያ ቆመ። «ቲቸር፣ አይዴ ጨምበላላን ሃፒ ኒው ይር ልበለው?»

ክፍሉ ተከራከረ። አንዷ «በለው፣ እንዲገባው» አለች። ሌላው «ሃፒ ኒው ይር ካልከው ርችት ነው የሚታየው፣ ቡሪሳሜ አይታየውም» አለ። በመጨረሻ ቃሉን እንዳለ አስቀምጦ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊያብራራው ተስማሙ። ለማብራራት ሲሉ «ዊች» እና «ሁ» አስፈለጋቸው። ሦስት ሳምንት ያስተማርኩትና ያልገባቸው ሰዋስው በ15 ደቂቃ ገባቸው፤ ምክንያቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለካ እዚህም ይሠራል።

ክርክሩ የተካሄደው ግማሹ በአማርኛ፣ አንዳንዱም በሲዳምኛ መሆኑን አልደብቅም። አልከለከልኳቸውም። ከዓመታት በፊት ባስተማርኩበት አንድ የግል ትምህርት ቤት አማርኛ የተናገረ ልጅ 1 ብር ይቀጣ ነበር። ሳንቲም የሌላቸው ልጆች ዕረፍት ሰዓት ላይ አፋቸውን ዘግተው ጥግ ይይዛሉ። እንግሊዝኛ ይማሩ ብለን ዝምታ አስተማርናቸው። እንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ተመራጩም መምህር አፉን በቋንቋው የፈታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በ1961 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ላይ ስለ እንግሊዝኛ ማስተማር ከተደረገው ጉባኤ ወዲህ በየአገሩ ሥር ሰደደ። ሮበርት ፊሊፕሰን የሚባለው የቋንቋ ምሁር በኋላ እነዚህን ሐሳቦች አንድ በአንድ ሞግቷቸዋል። ግን በየክፍላችን ግድግዳ ላይ ዛሬም ተለጥፈዋል። እኔ የሕንድም የእንግሊዝም ሰው አይደለሁም። ተማሪዬ የቱ ጋ እንደሚሳሳትና ለምን እንደሚሳሳት የማውቀው ግን እኔም እዚያው ቦታ ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። ይህ ድክመት ሳይሆን ለሥራው የሚያስፈልግ እውቀት ነው። እባካችሁ፣ አሠልጣኞች፣ ይህን ለአዳዲስ መምህራን ንገሯቸው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን ስነግራቸው «ልጆቹ ዓረፍተ ነገር መሥራት አልቻሉም፣ አንተ ባህል ትላለህ» ይሉኛል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ አልጭንም። ጥያቄዎቹ የተጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጁም መጀመሪያ ማለፍ ያለበት ያንን ነው። የእኔ መልስ፣ ዓረፍተ ነገር መሥራት ያቃታቸው የሚሉት ነገር ስላልሰጠናቸው ጭምር ነው የሚል ነው። ማንም ሰው ባዶ ቦታ እየሞላ ቋንቋ አልተማረም።

ለፈተና አውጪዎች ደግሞ በቀጥታ ልናገር። የእንግሊዝኛው ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው። ልጁ አንድ አንቀጽ አይጽፍም። አንድ ድምፅ አይሰማም። አንድ ቃል አይናገርም። ብዛቱ ስለሚከብድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የማይፈተን ነገር አይማሩም፤ መምህሩም አያስተምርም፣ ወላጅም አይጠይቅም። ሌላው ቢቀር አንድ አንቀጽ ይጻፉ። እርማቱ ከባድ ከሆነ በየትምህርት ቤቱ ይታረምና የተወሰነው ናሙና ይመርመር። የማዳመጥ ትምህርቱ ውስጥም የኬንያን፣ የናይጄሪያን፣ የሕንድን፣ የቻይናን ድምፅ አስገቡ። የለንደኑም ይኑር፣ ይሁንና ብቻውን አይሁን። ስለ ሰላምታ በሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሁለት ገጽ ጨምራችሁ ስለ ልመና፣ ስለ እንቢታ፣ ስለ ይቅርታ ጻፉ። ሰው ሲደናቀፍ እኛ «ሶሪ» እንላለን፣ አይዞህ ለማለት። ጋናዊውም ኬንያዊውም እንዲሁ ይላል። እንግሊዙ ግን «አንተ ምን አደረግከኝ?» ሊል ይችላል። ይህ አንድ ሙሉ ትምህርት ይወጣዋል።

ያቺ ስለ እንሰት የጠየቀችኝ ልጅ የጻፈችውን ልንገራችሁ። ስለ አያቷ ነው። አያቷ መሬት ተቀምጠው፣ የእንሰቱን ግንድ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ይዘው በቀርከሃ ሲፍቁት ጻፈች። የሚወጣው ውኃ ቡላ እንደሚሆን ጻፈች። የቀረው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ለወራት እንደሚቆይ፣ ጉድጓዱ ሲከፈት ሽታው ለእንግዳ እንደሚከብድና ለእሷ ግን የቤት ሽታ እንደሆነ ጻፈች። ግሦቿ ሦስት ቦታ ተሳስተዋል። አስተካከልናቸው። «ፎልስ ባናና» የሚለውን አንድም ቦታ አልጻፈችም።

የክፍሉን ጽሑፎች በሙሉ አስቀምጫቸዋለሁ፤ 41 ናቸው። ለመጽሐፍም ሆነ ለሥልጠና ይጠቅማሉ ካላችሁ የልጆቹንና የወላጆቻቸውን ፈቃድ ጠይቄ ኮፒ አድርጌ እልክላችኋለሁ። የፖስታውን ራሴ እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የ10ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር
ሐዋሳ